ከአልጋው ሥር የተገኘው ሥዕል

ሥዕሉን ያገኘሁት ቤት ስጠርግ ነበር። መጥረጊያውን በልጆቹ አልጋ ሥር ሰደድ አድርጌ ስስበው፣ ከግድግዳው ጥግ የተሸጎጠ ወረቀት ይዞልኝ ወጣ። ወረቀቱ ለሁለት ተቀዷል፤ ሁለቱም ቁራጮች የክብሪት ቀፎ እስኪያክሉ ድረስ ተደጋግመው ታጥፈዋል። እጥፋቱን ስፈታው የሰባት ዓመቱ ልጄ ሦስት ቀን ሙሉ መሬት ላይ በደረቱ ተኝቶ የሳለው መርከብ ሆኖ አገኘሁት። ቅዳዱ ከሸራው ጫፍ ተነሥቶ ቁልቁል በመርከቡ ሆድ በኩል ወርዷል።

ማን እንደቀደደው ለማወቅ ብዙ መመርመር አላስፈለገኝም። አራት ዓመት ተኩል የሆናት ልጄ በሩ ላይ ቆማ፣ እኔን ሳይሆን በእጄ የያዝኩትን ወረቀት ትመለከት ነበር። «ይህን ማን ቀደደው?» ብዬ ጠየቅኋት። «ነፋስ» አለችኝ። መስኮቱ ዝግ ነበር።

ተቆጣሁ፤ በሥዕሉ ብቻ ሳይሆን በውሸቷም ጭምር። ክንዷን ይዤ ወንድሟ ፊት አቆምኋትና «ይቅርታ በይው!» አልኋት። ፊቷን አዙራ፣ ግድግዳውን የበደለች ይመስል፣ ለግድግዳው «ይቅርታ» አለች። ወንድሟም ቀና ብሎ አላያትም። ነገሩ በዚያው ያለቀ መሰለ፤ ሌሊቱን ግን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ። ልጄ ወረቀቱን የደበቀችው ያደረገችው ነገር ጥፋት መሆኑን ስላወቀች ነው፤ የማያውቅ አይደብቅም። ታዲያ ያወቀችው ምኑን ነው? የወንድሟን ኀዘን ነው ወይስ የእናቷን ቁጣ? ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ልጅን ያስደብቃሉ፣ ሁለቱም አንገት ያስደፋሉ። እያደሩ የሚደርሱበት ቦታ ግን እጅግ ይራራቃል፤ አንደኛው ማንም በሌለበት ጭምር አብሮ የሚሄድ ሕሊና ይሆናል፣ ሌላው ተቆጪው ዞር ሲል አብሮ ዞር የሚል ፍርሃት ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ባሉት ወራት ልጆች ክፉና ደጉን መለየት የሚጀምሩት መቼና እንዴት እንደሆነ የተጻፈውን እያነበብኩ፣ ያነበብኩትንም በየቀኑ ቤቴ ውስጥ ከማየው ጋር እያመሳከርኩ ቆየሁ።

አንዳንዶቻችን ልጅ ሲወለድ ምንም እንዳልተጻፈበት ወረቀት ነው፣ ክፉና ደጉን የምንጽፍበት እኛ ነን ብለን እናምናለን። ሌሎቻችን ደግሞ ሕሊና ከሰው ጋር አብሮ ይወለዳል እንላለን። ይህን ክርክር ለመፍታት ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ ብዙ የተወራለት እ.ኤ.አ. በ2007 በየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታተመው ነው። የ6 እና የ10 ወር ሕፃናት አንድ አጭር ትርኢት እንዲያዩ ተደረገ። ዓይን የተለጠፈበት የእንጨት ቅርጽ ዳገት ለመውጣት ይታገላል፤ አንድ ሌላ ቅርጽ ከታች ሆኖ እየገፋ ያግዘዋል፣ ሦስተኛው ከላይ መጥቶ ቁልቁል ይመልሰዋል። በኋላ አጋዡና አሰናካዩ ለሕፃናቱ ሲቀርቡላቸው፣ የስድስት ወር ከሆናቸው 12 ሕፃናት ሁሉም፣ የዐሥር ወር ከሆናቸው 16 ሕፃናት ደግሞ 14ቱ እጃቸውን የዘረጉት ወደ አጋዡ ነበር። ይህን ሳነብ ልቤ ሞላ። ሆኖም ቆይቶ በአምስት አህጉራት የሚገኙ 37 ቤተ ሙከራዎች ተባብረው ይህንኑ ትርኢት በቪዲዮ ከ500 ለሚበልጡ ሕፃናት ሲያሳዩ አጋዡን የመረጡት ግማሽ ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኙ፤ በዕጣ ቢመረጥም ከዚህ የተለየ ውጤት አይገኝም። ገና ስለማይናገር ሕፃን ልብ ለመፍረድ መቸኮል እንደማይገባ የተረዳሁት ከዚህ ነው።

ልጁ በእግሩ መሄድ ከጀመረ በኋላ ያለው ነገር የተሻለ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ፌሊክስ ቫርኔከንና ማይክል ቶማሴሎ የ18 ወር ልጆች እያዩ አንድ የማያውቁት ሰው ዕቃ ከእጁ ወድቆ ሊደርስበት ሲያቅተው፣ ወይም እጁ በመጻሕፍት ተሞልቶ የቁም ሣጥን በር መክፈት ሲሳነው ምን እንደሚያደርጉ ተመለከቱ። ከ24ቱ ልጆች 22ቱ ማንም ሳያዛቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ረድተውታል። ይበልጥ የገረመኝ ሁለቱ ተመራማሪዎች ከሁለት ዓመት በኋላ ያገኙት ነው፤ ሃያ ወር ገደማ የሆናቸው ልጆች ለረዱበት ሽልማት ሲሰጣቸው ከቆየ በኋላ ሽልማቱ ሲቀር፣ ከመጀመሪያው ምንም ካልተሰጣቸው ልጆች ያነሰ መርዳት ጀመሩ። መልካም ሥራውን በዋጋ ስንተምንለት፣ እንዲያው ደስ ብሎት ይሠራው የነበረውን ነገር ሥራ አደረግንበት ማለት ነው። የሴት ልጄን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሳስታውስ፣ ከታጠበ ልብስ ክምር አንድ ካልሲ እየያዘች ስትመላለስ «ተይ፣ ታበላሺዋለሽ» እያልኩ ስንት ጊዜ እንደመለስኳት ትዝ ይለኛል። እርዳታዋን የከለከልኳት ፍጥነቴን ስለቀነሰችብኝ ነበር፤ ያን ጊዜ መልሼ ባገኘው ግን አልከለክላትም ነበር።

ስለ ልጆች የሥነ ምግባር ፍርድ በሚነገርበት ቦታ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ጥናት ለልጆች ሁለት ታሪክ ይነግራቸዋል። አንደኛው ልጅ በር ሲከፍት ከበሩ ጀርባ መኖራቸውን ያላወቃቸውን 15 ስኒዎች ይሰብራል፤ ሁለተኛው ልጅ እናቱ በሌለችበት የተከለከለውን ጣፋጭ ከመደርደሪያ ላይ ለማውረድ ሲንጠራራ አንድ ስኒ ይሰብራል። የበለጠ ያጠፋው ማን ነው? ትንንሾቹ ብዙውን ጊዜ 15 የሰበረውን ይመርጣሉ፤ ከፍ ያሉት ግን «እሱ ሆን ብሎ አይደለም» ይላሉ። ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ታሪኮቹ የጉዳቱን መጠንና የልጁን ሐሳብ አንድ ላይ ስለሚያደባልቁ ለትንንሾቹ ከባድ እንደሆኑ፣ ቀለል ባለ መንገድ ሲጠየቁ ግን ትንንሾቹም ለሐሳብ ዋጋ እንደሚሰጡ አሳይተዋል። እኔ ግን ፒያዤን ሳነብ የታዘብኩት ልጆቹን ሳይሆን ራሴን ነው። አንድ ብርጭቆ ቢሰበር ድምፄ የሚለካው በልጁ ሐሳብ ነው ወይስ በብርጭቆው? የሚወደድ ዕቃ ከሆነ ሳይታወቃቸው ቢሰብሩትም እጮኻለሁ፤ ተናደው የጣሉት ተራ ዕቃ ከሆነ ዝም ብዬ አልፋለሁ። ዐዋቂው በስኒ ቁጥር እየፈረደ ልጁ በሐሳብ እንዲፈርድ መጠበቅ አይቻልም።

ፒያዤ ትንንሽ ልጆች ትክክል የሚሉት ታላቅ ያዘዘውን ነው ብሎ ያምን ነበር። በዚህ ነጥብ ላይ ብርቱ ማስተካከያ ያመጡት ኤሊዮት ቱሪየልና ተከታዮቹ ናቸው። ከሦስትና ከአራት ዓመት ጀምሮ ያሉ ልጆች ሁለት ዓይነት ሕግ መኖሩን እንደሚለዩ አሳዩ፤ አንደኛው ሥርዓት ለማስከበር የተቀመጠ፣ የሚመለከተው ሰው ከፈቀደ ሊቀር የሚችል፣ ሁለተኛው ግን ሰው የሚጎዳ በመሆኑ ማንም ቢፈቅደው ትክክል የማይሆን። ይህን ካነበብኩ በኋላ ልጄን ጫማ እያሰርኩላት ጠየቅኋት።

«መምህርትሽ ዛሬ እጅ ሳታወጡ መናገር ትችላላችሁ ብትል ይቻላል?»

«አዎ።»

«ጓደኞቻችሁን መቆንጠጥ ትችላላችሁ ብትልስ?»

ትንሽ አሰበች። «አይቻልም።»

«ለምን? መምህርቷ ፈቅዳ የለ?»

«ያማል እኮ!» አለች፤ ይህን እንኳ አለማወቄ አስገርሟት ነው መሰለኝ፣ እግሯን ከእጄ መንጭቃ ትክ ብላ አየችኝ።

እንግዲህ ያንን ሥዕል የቀደደችው ልጅ ይህች ናት። ሕመም የማንንም ፈቃድ እንደማይጠብቅ ታውቃለች። ማወቋ የማያጠራጥር ከሆነ፣ ወንድሟ ሦስት ቀን የደከመበትን ሥዕል እንዴት ቀደደችው? ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝና ብዙ ጊዜ የወሰድኩበት ጥያቄ ይህ ነው፤ ምክንያቱም እኛ ወላጆች ልጅ ሲያጠፋ የምንሰጠው መልስ ሁሉ ያላወቀ ሰው ትምህርት ነው። «ይህ ጥሩ አይደለም» እንላለን። እሷም ጥሩ እንዳልሆነ ከእኛ እኩል ታውቀዋለች።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ይህን ጉዳይ በቀላል መንገድ ያሳያል። ከ3 እስከ 8 ዓመት ያሉ ልጆች ተለጣፊ ሥዕሎች ተሰጧቸውና ከሌላ ልጅ ጋር እንዴት መካፈል እንደሚገባቸው ተጠየቁ። ትንንሾቹም ትልልቆቹም እኩል መካፈል እንደሚገባ ተናገሩ። እንዲያካፍሉ ዕድሉ ሲሰጣቸው ግን እኩል ያካፈሉት ሰባትና ስምንት ዓመት የደረሱት ነበሩ፤ ትንንሾቹ የሚበልጠውን ለራሳቸው አስቀሩ። አንጀቴን የበላው ቀጥሎ ያለው ነው፤ ምን ያህል እንደምትሰጡ ገምቱ ተብለው ሲጠየቁ ትንንሾቹ ለራሳቸው እንደሚያደሉ አስቀድመው ተናግረዋል። ደንቡን ያውቃሉ፣ ለሌላውም ለራሳቸውም እንደሚሠራ ያምናሉ፣ እንደማይፈጽሙት ጭምር ያውቃሉ። ይህ ክፋት አይደለም። ትክክል መሆኑን ማወቅና ትክክሉ በራስ ፍላጎት ላይ እንዲበረታ ማድረግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ብዙ ዓመት ዘግይቶ ይደርሳል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ግኝት አለ። ጌርትሩድ ኑነር ቪንክለርና ቤያቴ ሶዲያን እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት አንድ ልጅ የሌላውን ልጅ ጣፋጭ ሳይታይ ወስዶ ሲሄድ የሚያሳይ ታሪክ ለልጆች ነገሯቸው። የአራት ዓመት ልጆች መስረቅ ጥፋት መሆኑን በሚገባ ያውቃሉ። ሰራቂው ልጅ ምን ይሰማዋል ተብለው ሲጠየቁ ግን አብዛኞቹ «ደስ ይለዋል» አሉ፤ ምክንያቱም የፈለገውን አግኝቷል። ስምንት ዓመት ገደማ የደረሱት ደግሞ ያው ልጅ እንደሚከፋው ይናገራሉ። በእነዚህ አራት ዓመታት መካከል ያደገው ስለ ስርቆት ያላቸው ዕውቀት አይደለም፤ ያንኑ ቀድሞም ያውቁታል። ያደገው የሌላው ሰው ኀዘን ወደ አጥፊው ልብ የሚሻገርበት መንገድ ነው።

ይህን ሳነብ ሥዕሉ የተቀደደበትን ሰሞን መለስ ብዬ አሰብኩ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ቤት የገባ ሰው ሁሉ መርከቡን እያየ ሲያደንቅ፣ እኔም «ኑና እዩ» እያልኩ ስጠራ፣ ትንሿ ልጅ ከጎን ቆማ ነበር። የራሷን ወረቀት ይዛ ሁለት ጊዜ ወደ እኔ መጥታ እንደነበርና «ቆይ፣ በኋላ» እንዳልኳት ትዝ አለኝ። መርከቡን ስትቀድደው ለአፍታ እፎይ ሳትል አልቀረችም። ቀጥሎ ግን ሁለቱን ቁራጮች በእጇ ይዛ ቆማ ይሆናል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ያጠፈችው ከዚያ በኋላ ነው። ወረቀትን የክብሪት ቀፎ እስኪያክል ማጠፍ ለትንሽ እጅ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ደስ ያለው ልጅ እንዲህ አያጥፍም።

ታዲያ የሌላውን ኀዘን ወደ ልጁ ልብ የሚያሻግረው ምንድን ነው? ማርቲን ሆፍማን የሚባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ወላጆች ልጅ የሚያርሙበትን መንገድ በሦስት ከፍሎ መረመረው። አንደኛው ኃይል ነው፤ መምታት፣ መጮኽ፣ መከልከል፣ ማስፈራራት። ሁለተኛው ፍቅርን መንሣት ነው፤ ማኩረፍ፣ ፊት ማዞር፣ «ከእንግዲህ አልወድሽም» ማለት። ሦስተኛው ልጁ ያደረገው ነገር በሌላው ሰው ላይ ያደረሰውን እንዲያይ ማድረግ ነው፤ «እየው፣ ስለገፋኸው ወድቆ ጉልበቱ ደማ፤ ለዚህ ነው የሚያለቅሰው» ማለት። እሱና ኸርበርት ሳልትስታይን እ.ኤ.አ. በ1967 ካሳተሙት ጀምሮ ብዙ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት፣ ወላጆቻቸው በሦስተኛው መንገድ የሚያርሟቸው ልጆች ሲያጠፉ የመጸጸትና የመካስ ዝንባሌያቸው ይበረታል፤ በኃይል ብቻ የሚታረሙት ልጆች ዝንባሌ ግን ደካማ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት በተቆጣ ሰው ፊት የቆመን ልጅ ዓይን መከተል ይበቃል፤ የሚያየው የተቆጣውን ሰው ነው። የበደለው ልጅ ከእይታው ወጥቷል። ልጄን ክንዷን ይዤ ባቆምኳት ጊዜ ወንድሟ ከፊቷ ነበረ፤ እሷ ግን ከእኔ እጅ በስተቀር የምታስበው ነገር አልነበረም።

ይህ ማለት ግን ለልጅ በተረጋጋ ድምፅ ረጅም ስብከት መስበክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 ካሮሊን ዛን ዋክስለርና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት እናቶች ራሳቸው የሁለት ዓመት ገደማ ልጆቻቸውን ለወራት እየተከታተሉ መዝግበዋል። ልጆቹን የበደሉትን ልጅ ወደ ማባበልና ወደ መርዳት የመራቸው፣ እናት ስሜቷ በግልጽ እየታየ ጉዳቱን የምታስረዳበት ጊዜ ነበር፤ ቀዝቃዛ ማብራሪያ ያን ያህል አልሠራም። ልጁ ነገሩ ከባድ መሆኑን ከድምፃችን መስማት ያስፈልገዋል፤ ክብደቱ ግን ወደ ተበደለው ሰው ማመልከት አለበት።

ይህን በመጽሐፍ ከማንበቤ በፊት በሕይወቴ አውቀው ነበር። ስምንት ዓመት ገደማ ሳለሁ የአያቴን መነጽር ሶፋ ላይ ተቀምጬበት ሰበርኩት። ማንም አላየኝም። መነጽሩን መልሼ ማኅደሩ ውስጥ ከተትኩና ወጣሁ። እንደዚያ ቀን የከበደኝ ቀን የለም፤ ቢሆንም የከበደኝ ቅጣቱ አልነበረም፣ ማንም አልጠረጠረኝምና። ከሰዓት በኋላ አያቴ የደረሳትን ደብዳቤ ይዛ ወደ መስኮቱ ስትሄድ አየኋት። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አቀረበችው፣ አራቀችው፣ ዓይኗን ጨፈን ከፈት አደረገች፣ ከዚያም አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ያንን ማጠፏን መቋቋም አቃተኝ። እያለቀስኩ ሄጄ ነገርኳት። አያቴ አልተቆጣችም፤ «ወዲያውኑ ብትነግሪኝ ኖሮ እስካሁን አንብበሽልኝ ነበር» አለችና ደብዳቤውን ዘረጋችልኝ። አዲስ መነጽር እስኪመጣላት ድረስ የደረሳትን ሁሉ የማነብላት እኔ ሆንኩ። ያጠፋሁትን ያህል የሚክስ ሥራ ስለተሰጠኝ፣ ጸጸቴ ወደ ሐፍረት ሳይለወጥ አለቀ። ጸጸት «መጥፎ ነገር አደረግሁ» ይላል፣ የሚጠግነውንም ይፈልጋል፤ ሐፍረት ግን «እኔ መጥፎ ነኝ» ይላልና የሚፈልገው መደበቂያ ነው።

ወደ ልጄ ውሸት ልመለስ። «ነፋስ» ያለችኝ ጊዜ ያስቆጣኝ፣ ውሸትን የክፉ ጠባይ መጀመሪያ አድርጌ ስለቆጠርኩት ነው። የልጆችን ውሸት ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ካንግ ሊና ቪክቶሪያ ታልዋር የሚሉት ሌላ ነው፤ ልጅ መዋሸት የሚጀምረው ሌላው ሰው እሱ የሚያውቀውን ላያውቅ እንደሚችል መረዳት ሲጀምር ነው፤ ይህ መረዳት ደግሞ የሌላውን ስሜት ለማወቅም የሚያገለግል ነው። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት በምዕራብ አፍሪካ የሚገኙ ሁለት ትምህርት ቤቶችን የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች አወዳደሩ፤ አንደኛው በዱላና በከባድ ቅጣት የሚመራ፣ ሌላው ጥፋትን በተግሣጽ የሚያርም ነበር። ከጀርባቸው የተቀመጠውን መጫወቻ ዞረው እንዳያዩ ተነግሯቸው ብቻቸውን ቀሩ። ዞረው ካዩት መካከል የካዱት በቅጣቱ ትምህርት ቤት ይበልጣሉ፤ ውሸታቸውንም እስከ መጨረሻው ሳይነቃባቸው በመጠበቅ ከሌሎቹ የበለጡት እነዚሁ ናቸው። ዱላው እውነትን አላስተማራቸውም፣ የውሸትን ብልሃት ግን አስተምሯቸዋል። በሌላ ጥናታቸውም ዋሽቶ የተቀጣ ልጅ ታሪክ የተነበበላቸው ልጆች ጥፋታቸውን ለማመን አልተበረታቱም፤ እውነቱን ተናግሮ የተመሰገነ ልጅ ታሪክ የሰሙት ግን ይበልጥ አመኑ።

ለዚህም ነው ልጅን «ውሸታም»፣ «ሌባ» ብሎ መጥራትን አጥብቄ የምቃወመው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሂዩ ሃርትሾርንና ማርክ ሜይ በአሜሪካ ከ10,000 በላይ ተማሪዎችን በፈተና፣ በጨዋታና በገንዘብ ታማኝነታቸውን በፈተኑ ጊዜ ያገኙት ይህንኑ ያጠናክራል፤ በአንዱ ቦታ ያታለለ ልጅ በሌላው ቦታ ታማኝ ሆኖ ይገኛል። ልጆች ታማኝና አታላይ ተብለው በሁለት ረድፍ የሚቆሙ አይደሉም። አንዲቱን ቀን ስም አድርገን ስንለጥፍባቸው ግን በስሙ ልክ እንዲኖሩ እንገፋቸዋለን።

ከስምንት ዓመት በላይ ስላሉት ልጆች ብዙ የተባለ ነገር አለ፤ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሎረንስ ኮልበርግ ከቅጣት ፍርሃት ተነሥቶ እስከ መርሕ የሚደርስ ባለ ስድስት ደረጃ መሰላል እንደሠራና ካሮል ጊሊጋን እ.ኤ.አ. በ1982 መሰላሉ የተሠራው ወንዶችን ብቻ በመጠየቅ ነው፣ ለሰው መጨነቅንና መንከባከብን ዝቅ አድርጎ ያያል ብላ እንደሞገተችው ይታወቃል። እኔ ከጊሊጋን ጋር ነኝ፤ በቤቴ ያየሁት ሕሊና ከመርሕ ይልቅ ከሰው ፊት ይጀምራል።

ለመጀመሪያው ጥያቄዬ፣ ለፍርሃትና ለሕሊና ልዩነት፣ የቀረበ መልስ ያገኘሁት ከሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ከግራዚና ኮሃንስካ ሥራ ነው። እሷ ትንንሽ ልጆች መጫወቻ እንዲሰበስቡ ሲታዘዙ ሁለት ዓይነት መታዘዝ እንዳለ አስተዋለች። አንዱ ልጅ የእናቱ ዓይን ካልተነሣለት፣ በየደቂቃው ካልተባለ አይሰበስብም። ሌላው ትእዛዙን የራሱ ያደርገዋል፤ እናቱ ከክፍሉ ብትወጣም ይቀጥላል። ይህ ሁለተኛው መታዘዝ በርትቶ የሚገኘው እናትና ልጅ እርስ በርስ በሚደማመጡበት፣ ልጁ ሲጠራ የሚሰማው ሰው ባለበት ቤት ነው። ልጅ የሚሰማን እንደሰማነው ያህል ነው። «ቆይ፣ በኋላ» ያልኳት ሁለት ጊዜ እዚህ ላይ ደግሞ መጣብኝ።

ሥዕሉን አልጣልኩትም ነበር፤ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ሳምንታት ካለፉ በኋላ አንድ ከሰዓት አወጣሁትና ልጄን ጠርቼ ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ያን ቀን ክንድሽን ጨምቄ ያዝኩሽ፤ እንደዚያ ማድረግ አልነበረብኝም፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። ክንዷን አየት አደረገች። «አሞኝ ነበር» አለች። «አዎ፣ አሳምሜሻለሁ» አልኳት። ሌላ አልጨመርኩም። ሁለቱን ቁራጮች ጎን ለጎን አድርጌ ዘረጋኋቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቅዳዱን በጣቷ ተከተለችው፤ ከሸራው ጀምራ እስከ ውኃው ድረስ።

«እማዬ፣ መርከቡ ይሰምጣል?»

«እንጃ፤ ባለቤቱን ጠይቂው።»

ተነሥታ ሄደች። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ወንድሟ ፕላስተር ይዞ ሲመጣ ግን እሷ ከኋላው መቀስ ይዛ ትከተለው ነበር። እሷ ወረቀቱ እንዳይንሸራተት በሁለት መዳፏ ተጭና ያዘችለት፣ እሱ ከላይ እስከ ታች ለጠፈው። ፕላስተሩ ሁለት ቦታ ተጨማድዷል። በማግስቱ በሌላ ነገር ተጣሉ፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ ተጣልተዋል።

ሥዕሉ አሁን በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የፕላስተሩ የታችኛው ጫፍ እየለቀቀ ይነሣል። አንድ ቀን ማለዳ ከመኝታ ቤቱ በር ሳትነቃብኝ እያየኋት፣ ልጄ በባዶ እግሯ ወደ መታጠቢያ ቤት ስትሄድ ሥዕሉ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ በእግር ጣቶቿ ጫፍ ተንጠራርታ የተነሣውን ጫፍ በአውራ ጣቷ ተጭና እስኪጣበቅ ድረስ ያዘችው፣ ከዚያም መንገዷን ቀጠለች።